ቮልስ 1300 ወይስ ፊያት 600ዲ ለጎንደር ዳገት?

ጠያቂ፦ ከአዘዞ ፒያሳ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ሁለቱም ለሽያጭ ቀርበውልኛል። የጎሃን ዳገት የቱ ይችለዋል?

ባለ ቮልሱ፦ ወንድሜ፣ ቮልስ ስነዳ 19 ዓመቴ ነው። ሞተሩ 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የፊያቱ 767 ሲሲና 29 ገደማ። ፊያቱ ግን 600 ኪሎ ብቻ ስለሚመዝን፣ ጉልበቱን ለክብደቱ ስታካፍለው ብዙም አይራራቁም። ከ2100 ሜትር በላይ ስላለን ሁለቱም አየሩ ሳስቶባቸው ይደክማሉ።

ዋናው ነገር ማቀዝቀዣው ነው። ፊያቱ ውሃ ይፈልጋል፤ ቮልስ አየር ይበቃዋል፣ ቺንጊያው እስካለ ድረስ። አንድ ቀን ጎሃ ዳገት አጋማሽ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት በራ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። ቺንጊያው ተበጥሷል፤ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው እሱው ነው። ትርፉን አስገባሁ፣ ቺንጊያው ከሚዞርበት ፑሌጃ መሃል አንዷን ስስ ቀለበት አውጥቼ ውጭ በኩል ደረብኳት፤ ጠበቀ። ትርፍ ቺንጊያ ሳትይዝ አትውጣ!

ባለ ፊያቷ፦ ለቅዳሜ ገበያ ግርግር ግን የኔዋን የሚያህል የለም፤ 3.3 ሜትር ገደማ ናት፣ የትም ትገባለች። ራዲያተሯን አስጠርግላት እንጂ ዳገቱን ትወጣለች።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቮልሱን ሳይ ምን ልፈትሽ?

ባለ ቮልሱ፦ የኋላ መቀመጫውን አንሳና ባትሪው ሥር ያለውን ወለል በጣትህ ተጫነው። ከረገበ ዝገት በልቶታልና ተወው።