ዴዝ ሮውን ባዶ ያስቀረው ዱላው ነው ወይስ ውሉ?

የሰፈር ዲጄ፦ ማታ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። በቮይስ መጮህ ይብቃ፣ ጻፉ። ጥያቄው ይኸው ነው። ዴዝ ሮው በ1990ዎቹ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የሎስ አንጀለስን ራፕ ጠቅልሎ የያዘ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ድሬ መጋቢት 1996 ወጣ። ራፐሩ ስኑፕ በ1998 ኖ ሊሚት የሚባል ሌላ ሌብል ገባ። ራፐር ኩራፕትም ወጣ። ራፐር አርቢኤክስ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሄደው። ለምን? እኔ የምለው ፈርተው ነው። የሌብሉ አለቃ ሹግ ናይት ያለበት ቤት ማን ተረጋግቶ ይሠራል? ቢት ልትሠራ ስቱዲዮ ትገባለህ፣ ጥግ ላይ ሰው ይደበደባል። ድሬ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ ያነሳው ይሄንኑ ነው፣ ቤቱ ሙዚቃ የሚሠራበት መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ፒያሳ ቦይ፦ እኔ ውለታ ቢስነት ነው እላለሁ፣ ስደቡኝ። ድሬን ከበፊቱ ሌብሉ ከሩትለስ ያስወጣው ማን ነው? ሹግ። ያኔ የሩትለስ ባለቤት ኢዚ ኢ “አስፈራርተው ነው ያስፈረሙኝ” ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፣ ድሬ ትንፍሽ አላለም። ዱላው ለእሱ ሲሆን ጥሩ ነበር ማለት ነው። ስኑፕ በ1993 በነፍስ ግድያ ሲከሰስ ጠበቃ ያቆመለት ማን ነው? ቱፓክ ኒውዮርክ ታስሮ ሁሉም ሲሸሸው 1.4 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና እንዲያዝለት ያደረገው ማን ነው? በሰው ትከሻ ወጥቶ ከዚያ ትከሻውን መርገም ደስ አይልም።

ሚኪ ቢት፦ ሁለታችሁም የሹግን ጡንቻ ነው የምታወሩት። አንዱ በፍርሃት፣ አንዱ በምስጋና። ወረቀቱን የጠየቀ የለም። እስቲ ሒሳቡን እንየው።

አርቲስት ሲፈርም ቀድሞ ገንዘብ ይሰጠዋል። ስጦታ አይደለም፣ ብድር ነው። 100 ሺህ ዶላር ወሰደ እንበል። ስቱዲዮ፣ ቪዲዮ፣ ሆቴል ምናምን ሌላ 200 ሺህ በላ። ከአንድ አልበም 1 ዶላር ይደርሰዋል ብለን እንያዝ። ያ 300 ሺህ የሚመለሰው ከዚችው 1 ዶላር እንጂ ከሌብሉ ኪስ አይደለም። 300 ሺህ ቅጂ ተሸጦም ልጁ ገና ዜሮ ላይ ነው፣ ሌብሉ ግን ከመጀመሪያዋ ቅጂ ጀምሮ ድርሻውን እየወሰደ ነው። ይሄ ሁሉም ሌብል የሚያደርገው ነው፣ ወንጀል አልልም። ጣጣው የሚመጣው ደብተሩን የያዘው፣ ማናጀርህ የሆነውና ጠበቃህን ያመጣልህ አንድ ሰው ሲሆን ነው። ቱፓክ እስር ቤት ሆኖ የፈረመው በእጅ የተጻፈ ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው። ጠበቃው ዴቪድ ኬነር ደግሞ የሌብሉም ጠበቃ ነበር። እና ማን ነው “ያ መኪና ስጦታ ነው ወይስ በስሜ ተመዝግቧል?” ብሎ የሚጠይቅልህ?

ፒያሳ ቦይ፦ ሳያነብ ለፈረመው ሹግ ምን ያድርገው?

ሚኪ ቢት፦ ያነበበውም ይፈርም ነበር፣ እስር ቤት ነዋ! ሰው ተጨንቆ ሳለ የሚፈርመውን አንተ ውለታ ትለዋለህ። ዋስትናውም ቢሆን ከሽያጩ የሚታሰብ እንጂ ምጽዋት አልነበረም። ከሞተ በኋላ የሆነውን ተመልከት። እናቱ አፌኒ ሻኩር “የልጄ ድርሻ የት ገባ?” ብለው ከሰሱ፣ የሌብሉ መልስ ደግሞ “እንዲያውም የሚፈለግበት እሱ ነው” ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ድርብ አልበም አውጥቶ በሚሊዮን የሸጠ ልጅ ባለ ዕዳ!

የሰፈር ዲጄ፦ እሺ ሚኪ፣ ነገሩ የገንዘብ ከሆነ ድሬን አስረዳኝ። ሰውዬው የድርጅቱን ድርሻ፣ ማስተሩን (የዘፈኖቹን ዋና ቅጂ)፣ ስሙን፣ ሁሉንም ጥሎ ነው የወጣው። ገንዘብ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ጥሎ ይሄዳል?

ሳሪ ኤልኤ፦ ዲጄዬ ይቺ ጥያቄህ ጥሩ ናት፣ ልመልሳት። ድሬ ጥሎ መውጣት የቻለው ፕሮዲዩሰር ስለሆነ ነው። ራፐር “ይህን ያህል አልበም አለብህ” የሚል ውል አንገቱ ላይ አለ፣ ድምፁን ይዞ ሌላ ቤት ቢገባ በማግስቱ ይከሰሳል። ጥሩ ፕሮዲዩሰር ግን ጆሮውን ይዞ ነው የሚሄደው፣ የሄደበት ቦታ ደግሞ አርቲስት ይመጣለታል። በዚያ ላይ የዴዝ ሮውን ሥራ የሚያከፋፍለው ኢንተርስኮፕ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀው ነበር፣ በዚያው ዓመት አፍተርማዝ የሚባል የራሱን ሌብል ከፈተለት። ስኑፕ ያን ዕድል እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ቆየ። ኖ ሊሚትም የገባው ባለቤቱ ማስተር ፒ ውሉን ስላስጨረሰለት ነው እንጂ ብድግ ብሎ አልሄደም።

ደግሞ ጥሎ ወጣ ስትል ለዘላለም መሰለህ? የ1992ቱን አልበሙን “ዘ ክሮኒክ”ን በኢንተርኔት ያለፈቃዱ ሸጡበት፣ ከሰሰ፣ በ2011 ፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደለት። ሹግን ፈርቶ ብቻ የወጣ ሰው ከ15 ዓመት በኋላ ደብተር ይዞ አይመለስም።

የሰፈር ዲጄ፦ በ2011 ሌብሉ ሹግ እጅ አልነበረማ! ለካናዳ ኩባንያ ተሸጦ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ ሳሪ… እንዳይሆንብሽ ማለቴ ነው 😂

ሳሪ ኤልኤ፦ 😂 ቆጠርኩልህ።

ፒያሳ ቦይ፦ ቱፓክ ራሱ ድሬ ላይ ምን እንዳለ ረሳችሁት? ሌሎች የሠሩትን ቢት በስሙ ያወጣል፣ የስኑፕ ችሎት ላይ እንኳን አልተገኘም ብሎ ነው ያወረደበት። እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ሚኪ ቢት፦ እውነት ነው፣ ብሏል። ግን ለእኔ ያ ንግግር የአንተን ሐሳብ ሳይሆን የእኔን ነው የሚያግዘው። ከቱፓክ ትልቁ አልበም አንዳንዶቹን የታወቁ ቢቶች የሠራው የኩራፕት ጓደኛ ዳዝ ነው፣ ያኔ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ። በየትኛውም ስቱዲዮ “ይሄን ማን ሠራው?” የሚለው ነገር በጊዜው ካልተጻፈ በኋላ ጠብ ነው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ሙሉ የአልበም ቅንብር ሠርቼ ሽፋኑ ላይ ስሜ የሌለበት ጊዜ አለ፣ ስጠይቅ “ቀጣዩ ላይ እናስገባሃለን” ተባልኩ። ቀጣዩን አልሠራሁም። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ላፕቶፔን ዘግቼ ወጣሁ። ሰው የሚለቀው በአብዛኛው እንደዚህ ነው፣ ፊልም የሚመስለው ስናወራው ነው።

ጋሽ ካሴት፦ ልጆች፣ እኔ ራፑን አላውቅም፣ ካሴት ግን ሸጫለሁ። በእኛ ጊዜ ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ሺህ ይሸጥ፣ መቶ ሺህ ይሸጥ፣ ከዚያ በኋላ አይመለከተውም። ብዙዎቹ ተበድለዋል፣ አልክድም። ግን ብሩን ቆጥሮ፣ ኪሱ ከትቶ ነው የሚወጣው። ሸጦ ባለ ዕዳ የሆነ ዘፋኝ ግን ዛሬ ከእናንተ ሰማሁ።

ሚኪ ቢት፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። የእኛው ቢያንስ ቁርጡን ያውቅ ነበር።

ፒያሳ ቦይ፦ ጋሽዬ ያከብሩኝ፣ ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። ሹግ ክፉ፣ ውሉም ክፉ ከሆነ ኩራፕት ለምን ተመለሰ? በ1998 ወጥቶ የራሱን ሌብል አቋቁሞ ነበር። ሹግ በ2001 ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ገባ፣ ያውም ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ። ከዳዝ ጋር የተጣሉትም በዚሁ ነው።

ሳሪ ኤልኤ፦ በምን ማዕረግ እንደተመለሰ ራስህ ጻፍከው እኮ። ሲወጣ ራፐር ነበር፣ ሲመለስ ወንበር ተሰጠው። ወንበሩ ሲሰጠው ፍርሃቱ የት ገባ? እኔ ዱላ አልነበረም አልልም ዲጄ፣ ነበር። ግን ዱላው የሚሠራው ሰው ሒሳብ እንዳይጠይቅ ነው። ሒሳቡ ንጹሕ የሆነ ቤት በር ላይ ጎረምሳ አያቆምም። እንደሚባለው ቱፓክ ኬነርን ያሰናበተው ነሐሴ 1996 ነው። መስከረም ላይ ላስ ቬጋስ ተመትቶ ሞተ። ሁለቱን አላገናኝም፣ እባካችሁ እናንተም አታገናኙ፣ ያ ሌላ ጉድጓድ ነው። የምለው እሱም መፈተሽ ጀምሮ ነበር ነው።

የሰፈር ዲጄ፦ እሺ ግማሹን ልቀበል። ግን የመርከቧን መስመጥ አትዝለሉት። ቱፓክ በተመታበት ሌሊት ቬጋስ በነበረው ድብድብ ሹግ አመክሮውን ጥሶ የካቲት 1997 ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ኢንተርስኮፕ ማከፋፈሉን አቆመ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ሰው “በውሉ ተከፍቶ” ማለት አይቻልም፣ ሲዲውን ሱቅ የሚያደርስለት የለማ! ድሬን ለብቻው፣ የ97ና የ98ቱን ለብቻ እዩት።

ሚኪ ቢት፦ በዚህ ተስማማሁ። ብቻ ሌብሉን መጨረሻ ላይ የጣለውም ደብተር ነው። እስር ቤት ሆኖ መነሻ ካፒታል ሰጥቻለሁ የሚለው የማይክል ሃሪስ ሚስት ከሳ በ2005 107 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት፣ በቀጣዩ ዓመት ሹግም ሌብሉም መክሰር አስመዘገቡ። ጥይት አይደለም የዘጋው፣ ያልተከፈለ ድርሻ ነው።

ፒያሳ ቦይ፦ እና ስኑፕ በ2022 ስሙን ለምን ገዛው? የበደለህን ቤት በገንዘብህ ትገዛለህ?

ሚኪ ቢት፦ ባለቤት ሊሆን ነዋ ወንድሜ! ገዝቶ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ አልበሞቹን ከስትሪሚንግ ማውረድ ነው፣ ክፍያው አያዋጣም ብሎ። የድሬ “ዘ ክሮኒክ” የተመለሰው በየካቲት 2023 ነው፣ ያውም በኢንተርስኮፕ በኩል። በሃያ ዓመቱ ስንት እንደተሸጠ የማይነገረው ልጅ በሃምሳ ዓመቱ ማብሪያ ማጥፊያውን ያዘ።

ፒያሳ ቦይ፦ ያም ቢሆን ስሙን የተከለው ሹግ ነው። 28 ዓመት ተፈርዶበት ካሊፎርኒያ ታስሯል፣ ከእነዚህ ሁሉ ሚሊየነሮች ማን ይጠይቀዋል?

ሳሪ ኤልኤ፦ 28ቱ የተፈረደበት በ2015 ሰው በመኪና ገጭቶ ስለገደለ ነው ፒያሳ፣ ይሄንን ደግሞ ራፐሮቹ ላይ አትጫን። ነገ ስለ ካሽ መኒ ሌብል እንጀምር፣ ሊል ዌይን በ2015 51 ሚሊዮን ዶላር የከሰሰበትን። እዚያ ቤት በር ላይ ጎረምሳ የለም፣ ያው ግን ሰው ይወጣል። ዲጄ፣ አንተ ክፈተው።