ፊልተር ከቀየርኩ በኋላ ማንጠባጠቡን ማስቆም አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን፣ ከወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ባለ 3 ደረጃ የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ አለን፤ የመጀመሪያው ደለልና ዝገት የሚይዝ 5 ማይክሮን ፊልተር ሲሆን የተቀሩት ሁለቱ የክሎሪን ሽታና ጣዕም የሚቀንሱ የካርቦን ፊልተሮች ናቸው። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ በፓምፕ ስበን እንጠቀማለን። ነጭ የነበረው የመጀመሪያው ፊልተር በ3 ወር ውስጥ ቀይ አፈር መስሎ፣ የሚወርደውም ውኃ እንደ ክር ቀጥኖ ስላገኘሁት ባለፈው ቅዳሜ ራሴ ቀየርኩት። መዝጊያውን ዘግቼ፣ በውስጡ የታመቀውን ግፊት ቧንቧውን ከፍቼ ካስተነፈስኩ በኋላ መያዣውን በቁልፉ ስፈታው ምንም አላስቸገረኝም።

ችግሩ የመጣው መልሼ ካጠበቅኩት በኋላ ነው፤ ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ከመያዣው አንገት ጠብ ጠብ ይላል፤ ሥሩ ያስቀመጥኩት ጣሳም እስኪነጋ ይሞላል። የጎማ ቀለበቱን አውጥቼ ሳየው አልተቆረጠም፤ አንድ ጎኑ ግን ጠፍጠፍ ብሏል። የበለጠ እንዳላጠብቀው ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ፤ ቫዝሊንም ጎማ ይጎዳል ብዬ ተውኩት። ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት መቀባቱ ይበቃል ወይስ ቀለበቱን መለወጥ ግድ ነው? ቀለበቱን ለብቻው ለመግዛትስ ውፍረቱንና የውስጥ ስፋቱን ብለካ በቂ ይሆናል? የሠራበት ሰው ቢመልስልኝ ውለታው ትልቅ ነው።