«ርካሽ ጉልበት» የማን ሀብት ነው?

ላራሹ፦
ነጋድራስ ትናንት ስለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስንነጋገር «ርካሽ ጉልበት ከጎረቤቶቻችን የምንበልጥበት ብቸኛ ሀብታችን ነው» ብለው የጻፉት ቃል እስካሁን ያበሳጨኛል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ፈትሸው፣ የጀማሪ ልብስ ሰፊ ደመወዝ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207 ዶላር ሲሆን በእኛ ዘንድ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ዓመታት አለፉ፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ዛሬም ወለል የለውም። ሀብት ከተባለ፣ ባለሀብቱ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ።

ነጋድራስ፦
ሠራተኛን የናቅሁ አስመስለው አያቅርቡኝ። «ርካሽ» ያልሁት ዋጋውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ምርታችንን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምናስገባበት ከአጎዋ ታገድን፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚህ ላይ ወለል ስንጨምርበት የቀረውም ፋብሪካ ጥሎን ይሄዳል። ለእኔ ሦስት ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው ምንም ከማያገኘው ይሻላል።

ላራሹ፦
ያነሡት ምሳሌ የሚደግፈው የእኔን ክርክር ነው። ያ ኩባንያ የወጣው በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እንጂ ደመወዝ ስለበዛበት አልነበረም፤ አጎዋም የታገደው በዚያው በጦርነቱ ሳቢያ ነው። በዓለም ላይ ዝቅተኛ የተባለው ደመወዝ ማንንም አላስቀረልንም። እንግዲህ ጉልበታችን ርካሽ መሆኑ ያቆየልን ነገር ምንድን ነው?

ልብስ ሰፊዋ፦
እኔ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አራት ሆነን በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር፤ ሁለታችን በቀን፣ ሁለታችን በማታ ፈረቃ ስለምንሠራ ፍራሹን በተራ እንተኛበታለን። የቤት ኪራይ ከፍለን የተረፈው ለወሩ ምግብ ስለማይበቃ እናቴ ከገጠር ሽሮና በሶ ትልክልኝ ነበር። የፋብሪካውን ደመወዝ ጉድለት የምትሸፍነው አንዲት ገበሬ ነበረች ማለት ነው። ነጋድራስ፣ እርስዎ «ዋጋው እንጂ ሰውየው አይደለም» ብለዋል፤ እኔ ግን ሁለቱን መለየት አልቻልሁም። ያ ጥናትም ቢሆን ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይቀይሩ እንደነበር ጽፏል፤ ሰው ሥራ ጠልቶ ሳይሆን መኖር ስላቃተው ነው የሚሄደው።

መዝገቡ፦
እኅቴ፣ ያሳለፍሽው ያሳዝናል፤ መፍትሔው ግን በአዋጅ ዋጋ መወሰን አይደለም። በደርግ ዘመን መንግሥት ዋጋ ይወስን ነበር፤ ስኳርና ሳሙና ለመግዛት በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ደጃፍ የተሰለፍን ሰዎች አሁንም በሕይወት አለን። «ላራሹ» የሚለውን ስም የመረጡት ወንድማችን ወደዚያ ሊመልሱን ይፈልጋሉ?

ላራሹ፦
ደርግን ለእኔ አያሸክሙኝ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን በ1968 ዓ.ም. ያፈረሰው ደርግ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ደግሞ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በእኩል የሚደራደሩበት ቦርድ እንዲሠራ ነው። ስለ ወለል ሲወራ ሁልጊዜ ደርግ የሚጠራው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ኬንያ የደመወዝ ወለል አላት፣ ደርግን ግን አታውቀውም።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ምርቱን በዶላር የሚሸጥ አሠሪ በብር የሚከፍለው ደመወዝ ካልተቀየረ፣ ጉልበት በዶላር ሲሰላ በግማሽ ያህል ረክሶለታል። ሠራተኛዋ ግን ዘይት የምትገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። ከዚህ ትርፍ ድርሻዋን መጠየቅ ሥራ ማባረር የሚሆነው በምን ስሌት ነው?

ነጋድራስ፦
ስሌቱን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ክሩ፣ ጨርቁና መለዋወጫውም በዶላር ይገባል፤ የእነዚህም ዋጋ አብሮ ጨምሯል። ደግሞም አሠሪ ሁሉ ላኪ አይደለም፤ አምስት ሠራተኛ ያለው ዳቦ ቤት ከየት አምጥቶ ይክፈል?

ላራሹ፦
የዳቦ ቤቱን ጭንቀት እቀበላለሁ፤ ወለሉ በየዘርፉ ሊለያይ፣ ከትልልቅ ፋብሪካዎችም ሊጀምር ይችላል። ነገር ግን መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች መነሻውን በ2017 ዓ.ም. ከ1,500 ወደ 4,760፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 ብር ሲያሳድግ፣ ከዚያ በታች መኖር እንደማይቻል አምኗል ማለት ነው። በፋብሪካ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ከሌላ ገበያ አይሸምትም። ይባስ ብሎ በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ 2,000 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው በየወሩ 150 ብር ግብር ይከፍላል። ርካሽ ያሉት ሰው ግብር ከፋይም ነው።

ነጋድራስ፦
የግብሩን ነገር ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ጣራው ከፍ ይበል። መንግሥት ግን ደመወዝ የሚከፍለው ከካዝና ነው፤ እኔ ከሽያጭ ነው። ቦርዱ ተቋቁሞ ቢጠራኝ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ቃሌን ግን አላነሣም።

ልብስ ሰፊዋ፦
እንግዲያው ቦርዱ ውስጥ ሲቀመጡ ከፊትዎ የምትቀመጠውን ልጅ ያንኑ ቃል ይንገሯት። የቤት ኪራይዋንም ይጠይቋት።