ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ቴሌቪዥኖች ስማቸው የተለወጠ የታዋቂ ብራንድ ምርቶች ናቸው?

አማራጩ (ጠያቂ)፦

ቴሌቪዥን ለመግዛት በማማርጥበት በዚህ ወቅት ከብዙ ሰው የምሰማው አንድ ነገር አለ። ስሙ ብዙም የማይታወቀው ርካሽ ቴሌቪዥን ከታዋቂዎቹ ኩባንያዎች ፋብሪካ የወጣ፣ የፊቱ ምልክት ብቻ ተነሥቶ ሌላ የተለጠፈበት ነው ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት የሪሞቶቹን መመሳሰል፣ የእግሮቹን ቅርጽና ከጀርባ ያሉትን መሰኪያዎች አቀማመጥ ነው። እኔም የተለያየ ስም የያዙ ሁለት ባለ 50 ኢንች ቴሌቪዥኖችን ጎን ለጎን ባየሁ ጊዜ፣ ከፊት ለፊታቸው ጽሑፍ በቀር ልዩነት ላገኝላቸው አልቻልኩም፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ቀላል አልነበረም። ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ርካሹ የየትኛው ታዋቂ ብራንድ እንደሆነ ገዢ የሚያውቅበት መንገድ አለ? «ሁሉም ቻይና ነው የሚሠራው» የሚለውን መልስ እስኪሰለቸኝ ስለሰማሁት፣ ከዚያ አልፎ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ጠጋኙ፦

ቴሌቪዥን በመጠገን ስለምተዳደር፣ ጥያቄዎን የጀርባ ሽፋኑን ከመክፈት ጀምሬ ልመልስ። የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ሲከፈት የሚገኘው ነገር ብዙ አይደለም። ፓነሉ (ምስሉ የሚታይበት ስክሪን)፣ ከፓነሉ ኋላ ያለው የኤልኢዲ መብራት፣ ዋናው ቦርድ፣ ፓወር ሰፕላዩና ድምፅ ማጉያዎቹ ናቸው፤ በርካሾቹ ላይ ቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጣምረው ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ውዱ ፓነሉ ነው፤ ፓነል የሚያመርቱት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢኦኢ፣ በቲሲኤል ሥር ያለው ሲሶት፣ ኤችኬሲ፣ ኢኖሉክስና ኤዩኦ ከዋነኞቹ ውስጥ ይገኛሉ። የሳምሰንግ የፓነል ኩባንያ ኤልሲዲ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል፤ የኤልጂ የፓነል ኩባንያም በቻይና ጓንግዡ የነበረውን የኤልሲዲ ፋብሪካ በ2025 ለሲሶት አስረክቧል። ስለዚህ ዛሬ ስመ ጥሩውም ሆነ ስም የለሹ ኩባንያ ለኤልሲዲ ቴሌቪዥኑ ፓነል የሚገዛው በአመዛኙ ከእነዚሁ ጥቂት ፋብሪካዎች ነው።

ይህ ግን ቴሌቪዥኖቹን አንድ አያደርጋቸውም። ፓነል ተቆርጦ የሚወጣው ከትልቅ የመስታወት ሰሌዳ ነው። 8.5 ትውልድ በሚባለው ፋብሪካ ሰሌዳው 2200 በ2500 ሚሊሜትር ሲሆን ስድስት ባለ 55 ኢንች ይወጣዋል፤ 10.5 ትውልድ በሚባለው ደግሞ 2940 በ3370 ሚሊሜትር ከሆነው ሰሌዳ ስምንት ባለ 65 ኢንች ይቆረጣል። (የቴሌቪዥን መጠን በየብራንዱ ለምን አንድ ዓይነት እንደሆነ የሚገርመው ሰው ካለ፣ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።) ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ጨርቅ በሁለት ልብስ ሰፊዎች እጅ ሁለት ዓይነት ልብስ እንደሚሆን ሁሉ፣ አንዱ ፓነልም በሁለት ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ቴሌቪዥን ይሆናል። ፓነሉ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ያለ መብራቱ ነውና፣ መብራቱን የሚጨምርበት ገጣጣሚው ነው፤ ቁጠባውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ አራት ረድፍ ኤልኢዲ ባስገባበት ስፍራ ሌላው ሁለት ረድፍ ያስገባና፣ የጎደለውን ብርሃን ለማካካስ በእያንዳንዱ ኤልኢዲ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን በአዲስነቱ ከሌላው እኩል ሊያበራ ይችላል፤ ነገር ግን ኤልኢዲዎቹ ከመጠን በላይ ስለሚግሉ ዕድሜያቸው ያጥራል። ድምፁ እያለ ምስሉ የጠፋ ቴሌቪዥን ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምመረምረው ይህንኑ ነው።

የስም ኪራይ፦

ጠጋኙ የሰጡት ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ መነሣት አለበት ባይ ነኝ። ርካሹ ቴሌቪዥን የታዋቂው ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን እንጂ፣ ታዋቂው ራሱ የማን እንደሆነ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም።

ፊሊፕስን እንውሰድ። ይህ ኩባንያ የቴሌቪዥን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2012 ቲፒቪ ከተባለ ቴሌቪዥን አምራች ጋር ወዳቋቋመው ድርጅት አዛወረ፤ ቲፒቪም በ2014 የፊሊፕስን ቀሪ ድርሻ ጠቅልሎ ወሰደ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በዚሁ ስም ቴሌቪዥን ለመሸጥ ፍቃድ የነበረው ፉናይ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። እንግዲህ በሁለት አህጉር «ፊሊፕስ» ብለው ቴሌቪዥን የገዙ ሁለት ሰዎች፣ ዝምድና የሌላቸውን የሁለት ኩባንያዎች ዕቃ ወስደዋል ማለት ነው። ቶሺባም እንዲሁ ነው። የቴሌቪዥን ኩባንያውን 95 በመቶ ድርሻ የቻይናው ሂሴንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲረከብ፣ በአውሮፓ ግን ስሙን ከ2016 ጀምሮ በፍቃድ ይጠቀምበት የነበረው የቱርኩ ቬስቴል ነበር። በሁለቱም ዘንድ ስሙ ሲከራይ ወይም ሲሸጥ፣ ዕቃውን የሠራው ሌላ ነው። ሐሜቱ የሚለው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ማለትም ትልቁ ኩባንያ ምርጥ ዕቃውን በማይታወቅ ስም በርካሽ ይሸጣል ይላል። ይህ የሚሆንበት አጋጣሚ ፈጽሞ የለም ባልልም፣ ኩባንያው ከራሱ ዕቃ ጋር የሚፎካከር ርካሽ ዕቃ በማውጣት የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

እርስዎ ያዩአቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች መመሳሰል ከዚህ ቀላል የሆነ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቲፒቪንና ቬስቴልን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም ከሚሸጡት ሌላ፣ ነድፈው የጨረሱትን ቴሌቪዥን ለሌሎች ብራንዶች ያቀርባሉ። ገዢው ብራንድ የጠርዙን ቀለም፣ እግሩን፣ የሪሞቱን አዝራሮችና ሲበራ የሚታየውን ምልክት ይመርጣል፤ የቀረው የፋብሪካው ንድፍ ነው። ሁለት ብራንዶች አንዱን ንድፍ ሲመርጡ፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ሳይሆን ሁለቱም የአንድ ሦስተኛ ወገን ደንበኞች ናቸው።

ተጠራጣሪ፦

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ለስም ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ተሞኝቷል ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ከዚህ ቀደም ርካሽ 4ኬ ቴሌቪዥን ነበረኝ፤ ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር (ብርሃንና ጨለማን ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚል በትልቁ ተጽፎበት ነበር። ቴሌቪዥኑ በኤችዲአር የተላከለትን ምስል በእርግጥ ይቀበላል፤ ነገር ግን ብርሃኑ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) እንኳ በማይሞላ ስክሪን ላይ፣ ለ1000 ኒት ተብሎ የተሰናዳ ፊልም ጨለማው ግራጫ፣ ብርሃኑም የደበዘዘ ሆኖ ነበር የሚታየው። በኋላ የገዛሁት የታወቀ ስም ያለው ሲሆን ፓነሉ ከቀድሞው ብዙ የሚለይ አይመስለኝም፤ ሆኖም የቀለሙ አስተካከልና ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል የሚያጠራበት መንገድ እጅግ ይበልጣል፤ ሶፍትዌሩም እስከ ዛሬ ይታደሳል። የቀድሞው አንድ ጊዜ እንኳ ታድሶ አያውቅም ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የሜኑው መመሳሰልም ማስረጃ አይሆንም። ኤልጂ ዌብኦኤስ የተባለውን የቴሌቪዥን ሶፍትዌሩን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለሌሎች ብራንዶች በፍቃድ ይሰጣል፤ ሳምሰንግም ታይዘን በተባለው ሶፍትዌሩ እንዲሁ አድርጓል። ሜኑው የኤልጂ ስለሆነ ብቻ ቴሌቪዥኑን ኤልጂ ሠራው ማለት አይቻልም።

ጠጋኙ፦

በተጠራጣሪ አስተያየት ላይ አንድ ገጠመኝ ልጨምር። ዋና ቦርዱ የተቃጠለ አንድ ቴሌቪዥን መጥቶልኝ፣ ከሌላ ስም ቴሌቪዥን የወጣ፣ ቁጥሩ ፊደል በፊደል ተመሳሳይ የሆነ ቦርድ ነበረኝና ገጠምኩለት። ሲበራ የመጣው የሌላው ብራንድ ምልክት ሲሆን፣ ምስሉም ተዘቅዝቆ ቀለሙ ተዘበራርቆ ነበር። ቦርዱ አንድ ቢሆንም፣ ለየፓነሉ የሚሰጠው ትእዛዝ የተጻፈው ፈርምዌሩ (ቦርዱ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር) ውስጥ በመሆኑ፣ ለዚያ ፓነል የተዘጋጀውን ፈርምዌር እስክጭንበት ድረስ አልተስተካከለም። ባለቤቱ የሌላ ሰው ቴሌቪዥን የሰጠሁት መስሎት ጥቂት ተቆጥቶ ነበር። በአንድ ቦርድ ላይ ሁለት ብራንድ ማግኘት እንግዲህ ተራ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ይባስ ብሎ፣ በአንድ ብራንድ በአንዱ ሞዴል ስም ሁለት ዓይነት ፓነል የሚገባበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ጥቁሩ ይበልጥ የሚጠቁረው ቪኤ፣ ሌላው ጥቁሩ ፈዘዝ የሚለው አይፒኤስ ይሆንና፣ ጎረቤትዎ ያመሰገነው ሞዴል እርስዎ ጋ ሲደርስ ጥቁሩ ግራጫ ሊሆን ይችላል።

አማራጩ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱን ቴሌቪዥኖች ተመልሼ የጀርባቸውን ጽሑፍ አነበብኩ። የተመረቱበት አገር አንድ ነው፤ የአምራቹ ስም በአንዱ ላይ ብቻ ተጽፏል። የኤሌክትሪክ ፍጆታቸው ግን አንዱ 85 ዋት፣ ሌላው 120 ዋት ይላል። ይህ ምን ይነግረኛል?

የስም ኪራይ፦

የአምራቹን ማንነት በተመለከተ፣ ቴሌቪዥኑ ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ የተዘጋጀ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጋቢት (ማርች) ጀምሮ የኃይል ፍጆታ መለያው ላይ በስልክ የሚነበብ ኮድ አለ፤ ኮዱ ወደ ሕዝባዊ መዝገብ ይወስድዎና የአቅራቢውን ስም ያሳይዎታል። ብራንዱ አንድ፣ አቅራቢው ሌላ ሆኖ ካገኙት የፈለጉትን አወቁ ማለት ነው።

ጠጋኙ፦

የዋቱን ልዩነት በጥንቃቄ ይውሰዱት፤ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ድምፅ ማጉያውንና መሰኪያዎቹን ጨምሮ ከፍተኛው ፍጆታ ነው። ሆኖም መጠናቸው እኩል በሆነ ሁለት ቴሌቪዥኖች መካከል 35 ዋት ልዩነት ሲኖር፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኋላ መብራቱን ነው። ሻጩ ከፈቀደልዎ በሁለቱም ላይ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ምስል ያስከፍቱና፣ የምስል ቅንብሩን አንድ ዓይነት አድርገው ብርሃናቸውንና አራቱን ጥጎች ያወዳድሩ። ከዚያም ጥቁር ምስል አስከፍተው የክፍሉን መብራት ያስጠፉ። ሁለቱ በእርግጥ አንድ ከሆኑ በነጩም በጥቁሩም መለየት ያቅትዎታል፤ ያን ጊዜ ርካሹን ይግዙ።