ክርክር፦ የአዲስ አበባ ሆቴሎች በአንድ ክፍል የሚለቁትን ካርቦን በግዴታ ይፋ ያውጡ?

አወያይ፦ ስብሰባ አዘጋጆች ሆቴል ሲመርጡ አንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ ካርቦን (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እንደሚለቅ መጠየቅ ጀምረዋል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሆቴሎች የጋራ ዘዴ ነው። የ12 ወር ነዳጅና መብራት፣ ውጭ የሚታጠበው አንሶላ ጭምር ተደምሮ፣ ሰው ላደረባቸው ክፍሎች ይካፈላል። ይህ ቁጥር ግዴታ ይሁን?

የጥገና መሐንዲስ፦ አይሁን። 80 ክፍል ያለው ሆቴል በዓመት 20,000 ሊትር ናፍጣ በጀነሬተር ቢያቃጥል፣ በሊትር 2.68 ኪሎ ካርቦን ሲሰላ 53.6 ቶን ይመጣል። ሙሌቱ፣ ማለትም ሰው የሚያድርባቸው ክፍሎች ድርሻ፣ 60 በመቶ ከሆነ ለአንድ ክፍል በሌሊት 3 ኪሎ ይደርሳል፤ 30 በመቶ ከሆነ 6 ኪሎ። መብራት ሲጠፋ እንግዳ ቢበዛም ቢያንስም ጀነሬተር ይነሣል። ገበያ የቀዘቀዘበት ሆቴል ለምን በካይ ይባል?

የኃይል ኦዲተር፦ ይውጣ፤ የናፍጣው ሊትርና ሙሌቱ ግን አብረው ይጻፉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ በኤሌክትሪክ በኩል ያለው ልቀት እጅግ ትንሽ ነው። የሙቅ ውኃ ቧንቧው ያልተሸፈነ፣ የኤሌክትሪክ ቦይለሩ ሌት ተቀን የሚያፈላ ሆቴል እንኳ ዱባይ ካለ ቆጣቢ ሆቴል ተሽሎ ይታያል። ምስጋናው የግድቡ ነው። በክፍል የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ከጎኑ ይቀመጥ።

የሒሳብ ባለሙያ፦ ስሕተቱ የሚገባው ከስቶር ነው። ናፍጣ እንዳይጠፋ ተብሎ በበርሜል ይከማቻል፤ ደረሰኝ ብቻ ከተደመረ ያልተቃጠለውም እንደተቃጠለ ይቆጠራል። ዓመቱ ሲጀምር ታንከሩ በዘንግ ይለካ፣ ግዢው ይደመር፣ በመጨረሻ የተረፈው ይቀነስ። የእንግዳ ማመላለሻው ሚኒባስ ናፍጣም ለብቻው ወጪ ይደረግ። ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው፦ በጀታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጠያቂው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይላል። ነዳጁ በአንዱ፣ ያደረው ክፍል በሌላው ከተቆጠረ ውጤቱ ከንቱ ነው።

የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን፦ ጋዙን ረሳችሁት! አር 410 ኤ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ ኪሎ ሲያመልጥ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን እንደመልቀቅ ነው። 3 ኪሎ ካፈሰሰ ከ2,200 ሊትር ናፍጣ በላይ እንደማቃጠል ማለት ነው። ብዙ ቦታ ቀዳዳው ሳይፈለግ በላዩ ይሞላል፣ ደብተር ላይም የሚሰፍረው ብሩ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ከሙሌት በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ልዩነቱ በኪሎ ይመዝገብ።

የጥገና መሐንዲስ፦ በጋዙ እስማማለሁ። የአዳራሹስ? ቅዳሜ ለሰርግ የተነሣው ጀነሬተር በእንግዳ ክፍል ላይ ሊጫን ነው?

የኃይል ኦዲተር፦ ዘዴው ልቀቱን በክፍሎቹና በአዳራሾቹ ካሬ ሜትር ልክ ያከፋፍለዋል። ካሬ ሜትር ግን ጀነሬተሩ ለየትኛው ስንት ሰዓት እንደሠራ አይነግርም፤ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። የአዳራሹ መስመር የእሱን ፍጆታ ብቻ የሚለካ የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ያስፈልገዋል።

የጥገና መሐንዲስ፦ እንግዲያው ቆጣሪው እስኪገጠም ግዴታው ይቆይ።

የኃይል ኦዲተር፦ በክፍል የሚሰላው ይቆይ፣ እሺ። የናፍጣው ሊትርና የጋዙ ኪሎ ግን ከመጪው ሐምሌ 1 ጀምሮ ይፋ ይውጡ፤ ለእነሱ ዘንግና ሚዛን ይበቃል።