የኖቬምበር 2023ቱ የሴልስ ታክስ (የሽያጭ ግብር) ድምፅ፦ ምግብ ቤቴ ላይ ጭማሪ ይመጣል?

ጥያቄ (የክላርክስተኗ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጆርጂያ፣ ዲካብ ካውንቲ፣ ክላርክስተን ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ዜግነት ያገኘሁት አምና ነው፤ ድምፅ ስሰጥም የመጀመሪያዬ ነው። ኖቬምበር 7፣ 2023 የሚቀርበው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስለ ሴልስ ታክስ ስፕሎስትና ኢሆስት የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ታክስ ሊጨመርብን ነው? ደንበኞቼ ቀድሞውንም ዋጋ ከብዷቸዋል። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የሒሳብ ሰው፦
አይጨመርም እህቴ። ስፕሎስት ለመንገድና ለመሳሰሉት ግንባታዎች የሚውል፣ በ2017 በሕዝብ ድምፅ ያለፈ፣ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ስንከፍለው የኖርነው ከዶላር 1 ሳንቲም ነው። ዕድሜው 6 ዓመት ነው፤ ማርች 2024 ያልቃል። አሁን ለሌላ 6 ዓመት ይታደስ ወይ ነው የሚሉን። የምታስከፍዪው 8 በመቶ ውስጥ 4ቱ የጆርጂያ ስቴት ነው። የቀሩት አራቱ ለማርታ ባቡርና አውቶቡስ፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለኢሆስትና ለስፕሎስት አንዳንድ ይደርሳቸዋል። አንድ ሰው የ20 ዶላር ዶሮ ወጥ ሲበላ ታክሱ 1 ዶላር ከ60 ነው። የስፕሎስት ድርሻ 20 ሳንቲም ናት። ስፕሎስት ካለፈ ያው 8 በመቶ ይቀጥላል።

የቤት ባለቤቱ፦
ስለ ኢሆስት ልጨምር። የእሱ ሳንቲም በገዛ ቤቱ ለሚኖር ሰው የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) ማቅለያ ነው። ግን የሆምስቴድ ፎርም (በገዛ ቤታችሁ እንደምትኖሩ የሚገልጸውን ማመልከቻ) ካልሞላችሁ አታገኙትም። እስከ ኤፕሪል 1 ማስገባት ነው። ስንቱ ወገናችን ቤት ገዝቶ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ከፍሏል! ያንገበግበኛል።

ሾፌሩ፦
እሺ፣ እስካሁን የከፈልነውስ የት ገባ? እኛ ሰፈር የእግረኛ መንገዱ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሳይደርስ ይቋረጣል። እሑድ እናቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳሩ ላይ ይሄዳሉ። ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው፤ መኪናው አጠገባቸው ይበራል። አንድ ቀን ሰው ይሞትብናል።

ስብሰባ የማልቀረው፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ገንዘቡ ለመንገድ፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለፓርክ፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያ እንጂ ለደመወዝ አይሆንም። የሚጠበቀው በ6 ዓመት 850 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከተሞቹም ድርሻ አላቸው። የፕሮጀክት ዝርዝሩን ሳታይ ድምፅ አትስጥ። የእናንተ መንገድ ከሌለበት የካውንቲ ኮሚሽነርህን አሁኑኑ ያዝ፤ ድምፅህን በሚፈልጉበት ሰዓት ነው የሚሰሙህ። ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተገመተውና የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ በጋዜጣ እንዲወጣ ሕጉ ያስገድዳል። ፈልገህ አንብበው። እኔ "ይታደስ" ነው የምለው። እዚሁ ካውንቲ ያለውን ስቶን ማውንቴን ሊጎበኝ የመጣው እንግዳም ምሳ ሲበላ ይከፍላልና። ሸክሙ ፕሮፐርቲ ታክስ ላይ ቢሆን የምንሸከመው እኛው ነን።

የክላርክስተኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም ዜጋ ናት፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። አብሬያት መግባት እችላለሁ?

ስብሰባ የማልቀረው፦
ትችያለሽ። ማንበብ የማይችል ሰው የመረጠው ሰው እንዲረዳው የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፤ ረዳቱ ግን አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል መሆን የለበትም። ፎቶ ያለው መታወቂያ ያዙ። ምዝገባ ኦክቶበር 10 ይዘጋል። ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ድምፅ መስጫው ኦክቶበር 16 ተጀምሮ ኖቬምበር 3 ያበቃል። አደራ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ፤ ኢሚግሬሽን ጋ ከባድ ጣጣ ያመጣበታል።

የክላርክስተኗ፦
16 ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ምግብ ቤቴ ዝግ ነው። እማዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ወንድሜ፣ ያልከውን መንገድ የማውቀው ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ዝርዝሩ ላይ እፈልገዋለሁ።