የሐበሻ ልብስ በቴሌግራምና በቲክቶክ መሸጥ፣ ጎንደር

የፒያሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ የሐበሻ ልብስ እንሸጣለን። የቴሌግራም ቻናላችን 640 ተከታይ አለው፣ ቲክቶክም ከፍተናል። ፎቶ በለጠፍን ቁጥር «ዋጋ?» ይሉናል፤ ስንነግራቸው ዝም ይላሉ። ከአዲስ አበባ የሚጠይቁት ደግሞ ሳያዩ ብር መላክ ይፈራሉ። የቱ ላይ እናተኩር? ፎቶውስ ምን ይጎድለዋል?

ጥበብ ወዳድ
እህቴ፣ ዋጋውን ልጥፉ ላይ ጻፊው። ገዢን የሚያሸሸው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ልማድ ነው። ሰው ከአቅሙ በላይ መሆኑን ጠይቆ ሲሰማ አፍሮ ይጠፋል። ጎረቤት ነጋዴ ዋጋዬን ያየዋል ብለሽ አትስጊ፣ ሱቅ ገብቶም ያየዋል።

ከእያንዳንዱ ቀሚስ ሥር መለያ ቁጥር፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ቁመት፣ ደረትና ወገብ በሴንቲ ሜትር፣ ስልክ ይኑር። ነጠላው ከዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ጻፊ፤ ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው በሱ ነው። የተሸጠውን አታጥፊ፣ «ተሽጧል» ብለሽ አርሚው።

ነጭ ልብስ ስልክ ላይ ግራጫ የሚመስለው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ስለሚያጨልመው ነው። ጨርቁን በጣትሽ ንኪና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ሳቢያት። አምፖል ቢጫ ያስመስለዋል፤ ጠዋት በር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት አንሺ። 4 ፎቶ ይበቃል፦ ሰው ለብሶት ሙሉ ቁመቱ፣ ጀርባው፣ ጥለቱ ከቅርብ፣ ስፌቱ ከውስጥ በኩል። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ሳያይ የሚገዛውን ግን የምታሳምነው እሷ ናት። ፊልተር እንዳትጠቀሚ፤ ቀለሙ ተለይቶ ከደረሰ ልብሱ ይመለስብሻል።

ማራኪ
ቲክቶክ ለመታየት፣ ቴሌግራም ለመሸጥ። ቲክቶክ ቪዲዮሽን ለማይከተልሽም ሰው ያደርሰዋል፤ ቴሌግራም ላይ ግን ሰው የሚመጣው አንቺ ስታመጪው ነው። ስለዚህ የቻናሉን ስም ቲክቶክ መገለጫሽ ላይ አድርጊ። ስልኩን አቁመሽ 15 ወይም 20 ሰከንድ ቅረጪ፣ ገና ሲጀምር ጥለቱ ይታይ። የሱቁን በር ከማሳየት አትጀምሪ፣ ሰው አልፎሽ ይሄዳል። የሚያብረቀርቅ ክር በፎቶ ይሞታል፤ የሚያምረው ጨርቁ ሲንቀሳቀስ ነው።

ተከታይ አትግዢ። ቴሌግራም የቻናል ባለቤት በራሱ እንዲጨምር የሚፈቅደው እስከ 200 ሰው ነው። «በሺዎች እንጨምርልሻለን» የሚሉት የሐሰት አካውንት ይሞሉብሻል። ቁጥሩን ትተሽ የልጥፉን ዕይታ ተመልከቺ።

ለጥምቀት ደግሞ በዓሉ ጥር 11 ቢሆንም ሥራው ኅዳር ላይ ይጀምር። አንድ ዓይነት ለብሰው የሚወጡ የሰፈር ወጣቶች በጅምላ ስለሚያዙ ለ10 እና ለ20 ሰው ዋጋ ለይተሽ ለጥፊ። ሸማኔውንና ሰፊውን በሳምንት ስንት እንደሚያደርሱ ጠይቂ፣ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሪ፣ ለማስተካከያ አንድ ሳምንት ተዪ። ትእዛዝ የሚዘጋበት ቀን እሱ ነው፤ ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጊው።

የፒያሳዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአዲስ አበባዎቹን ክፍያስ እንዴት እናድርግ?

ቀብድ ይቅደም
ሰውየው የሚፈራው ሌላ ልብስ እንዳይደርሰው ነው። መለያ ቁጥሩንና የሱን ስም ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ከልብሱ ጋር አጭር ቪዲዮ ቀርጸሽ ላኪለት። ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ፤ ቀሪውን እቃው ተጭኖ ታርጋውና የሾፌሩ ስልክ ሲደርሰው ይላክ። በልክ የሚሰፋ ከሆነ ግን ሙሉውን ከመጫኑ በፊት ተቀበዪ፣ ቢቀር ለሌላ አይሆንም።

በስክሪንሾት እቃ አትልቀቂ። የቴሌብር መልእክት አስመስለው የሚልኩ አሉ። *127# ደውለሽ ሒሳብሽ ላይ መግባቱን እይ፤ ያለ ኢንተርኔትም ስለሚሠራ ኔት በጠፋ ቀንም አይቸግርሽም። ስትልኪ መጀመሪያ በላስቲክ ጠቅልይ፣ ከዚያ በካርቶን። ዝናብ ካገኘው የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ይለቃል።